በሳፋ ያስተማርኩት ባሕር

ጭሮ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን የደበቅኩት ሰው የለም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አላዩም፣ ርዕሰ መምህሩም አላዩም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ስለ ባሕር የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር። «በበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ከዛሬው ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር» ስል ስልሳ ልጆች ይጽፋሉ። «በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ አለ፣ የወንዝ ሸለቆዎችን ሞላ፣ ዳርቻው ዛሬ የምናየውን መልክ ያዘ» ስል አሁንም ይጽፋሉ። «የምናየውን» የምትለዋ ቃል ማናችንንም ረብሻን አታውቅም።

ችግሩ የመጣው ከላጉን ነው። ላጉን ማለት ማዕበል ገፍቶ ባከማቸው የአሸዋ ግርዶሽ ከዋናው ባሕር የተለየ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ አብራራለሁ፣ ያልገባቸው ሲበዙ ወደ ኦሮምኛ እሻገራለሁ። ለላጉን ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ቃል አጣሁለት። ስለዚህ ትርጉሙን በቃላቸው አስያዝኳቸውና ኅዳር ላይ በፈተና አወጣሁት። ሁለት ነጥብ ነበረው።

ከሚኤሶ መጥታ ጭሮ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር። እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ላጉን ባሕርም ሐይቅም ያልሆነ፣ ሹፌሮች መኪና የሚያጥቡበት ውሃ ነው። ባሕሩ ሲርቅ እሱ አይደርቅም።» ዜሮ ሰጠኋት። ከጎኑም በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብዬ ጻፍኩ።

ያመጣችበት በሳምንቱ ራሱ መጣ። አባቷ ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ሽርጥ ላይ ኮት የደረቡ፣ ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው። መኪናቸውን ዋናው መንገድ ላይ አቁመው፣ የፈተና ወረቀቷን አራት አጥፈው ይዘው መምህራን ክፍል ገቡ።

«አካም፣ ነጋያ?» አሉና ሁላችንንም አንድ በአንድ ጨበጡን። አማርኛቸው መንገድ ላይ የተለቀመ ስለሆነ አንቱታ የለበትም፤ ርዕሰ መምህሩንም «አንተ» ነው ያሏቸው፣ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ስለሚናገሩ ማንም አልተቀየማቸውም።

እፊቴ ተቀመጡና ወረቀቱን ዘረጉት።

«ቲቸር፣ አንቺ ባሕር አይተሻል?»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልመጣው ጥያቄ ስድስት መምህራን በተቀመጡበት መጣ።

«አላየሁም» አልኩ።

«እኔ አይቻለሁ።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ልጄ የጻፈችው እኔ የነገርኳት ነው። እንግዲህ ዜሮው የኔ ነው።»

«እርስዎ አይደሉም የተፈተኑት» አልኳቸው። «መጽሐፉ ላይ ያለው ትርጉም ሌላ ነው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው መኪና አጥቦ ያውቃል?»

የፊዚክሱ መምህር ሳል ያዘው መስሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰውየው አልተቆጡም። ቢያንስ አንድ ነጥብ እንድሰጥ ለመኑ፣ እኔም እንደማይሆን በትህትና አስረዳሁ፣ እሳቸውም ወረቀቱን መልሰው አጠፉትና ኮታቸው ኪስ ከተው ሄዱ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ግን ምሳ ላይ ወሬዬ ሁሉ እሳቸው ሆኑ።

ባለቤቴ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይጫወታል። ነገሩን ስነግረው እንኳን ሊያጽናናኝ ጉርሻውንም አላቆመም።

«ሰውየው ልክ ነው» አለ። «ከፍተሽ ያላየሽውን ፓምፕ እጠግናለሁ ትያለሽ?»

ባሕሩን ማየት ካልቻልኩ መሥራት እችላለሁ ብዬ ተነሳሁ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋችንን ወሰድኩ፤ ከሰፈራችን ግንባታ አሸዋ ለመንኩ። በረዶ የተገኘው ከጁስ ቤት ነው። የጁስ ቤቱ ባለቤት ውሃ በፌስታል እያሰረች ታቀዘቅዛለች፤ «ለምንሽ ነው?» ስትለኝ «ለበረዶ ዘመን» ብዬ መልሼላት እስካሁን ስታየኝ ትስቃለች። በባጃጅ ጭኜው ስሄድ በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ መቀመጫውን አራሰው። ባጃጅ ነጂው ስወርድ መቀመጫውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በጨርቅ ወለወለው። በረዶ ነው ብዬ ላስረዳው ብሞክርም ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ እጄን ሳነሳ የሚያቆምልኝ አይመስለኝም።

ክፍል ውስጥ ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ፤ በአንድ በኩል አሸዋውን እንደ ዳርቻ ደለደልኩና ውሃ ሞላሁበት፣ ውሃው የደረሰበትን በማርከር አሰመርኩ። ከዚያ በረዶውን ውሃው ላይ ጣልኩት።

«አሁን ይህ በረዶ ሲቀልጥ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ባሕሩ ምን ይሆናል?»

«ከፍ ይላል» አሉ ስልሳውም።

አዲስ መስመር አሰመርኩና ጠበቅን። በረዶው ቀለጠ። ልጆቹ ከበው አዩ። ውሃው ከሁለተኛው መስመር ንቅንቅ አላለም። በእጄ አማሰልኩት፤ አሁንም ያው ነው። ሳፋው ያፈስስ እንደሆነ ከስር ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።

«ቲቸር፣ ባሕሩ ባለበት ነው» አለ ከፊት ያለ ልጅ።

አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፊቴ ላይ ተደረመሰ። ደወሉ ባይደወል ምን እል እንደነበር አላውቅም። መምህራን ክፍል ስገባ የፊዚክሱ መምህር ነገሩን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ።

«በረዶውን ውሃ ላይ ጣልሽው? የተንሳፈፈ በረዶ እኮ ቦታውን ቀድሞ ይዟል፤ ሲቀልጥ የያዛትን ቦታ ነው የሚሞላው። ባሕሩን ከፍ ያደረገው የብስ ላይ የተከመረው በረዶ ነው። ውሃ ውስጥ ያልነበረው ሲጨመር ነው ውሃ የሚጨምረው።»

ይህ መጽሐፌ ላይ ነበረ። ገጹን ገልጬ አየሁት፤ «የአህጉር በረዶ» ይላል፣ ከስሩም ራሴ አስምሬበታለሁ።

በማግስቱ እንደገና ጁስ ቤት ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በእግሬ። ሳፋው መሃል ሁለት ጡብ ደራርቤ ጫፋቸውን ከውሃው በላይ አወጣሁና በረዶውን እዚያ ላይ ከመርኩት። አሸዋው ላይ በጣቴ ሸለቆ ቆፈርኩ። በረዶው ጠብ ጠብ እያለ ሲቀልጥ ውሃው መስመሩን አለፈ፤ ቀስ እያለ ሸለቆውን ሞላው፣ ሜዳውን ዋጠው። ከዚያ ተማሪዎቹ በማስመሪያ ውሃውን እየገፉ ማዕበል አደረጉልኝ። ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ ጠርጎ ቀጭን ግርዶሽ ሠራ፤ ከግርዶሹ ጀርባ የጣት ስፋት ያለው የረጋ ውሃ ቀረ።

«ይህ ነው ላጉን» አልኩ። የሚኤሶዋ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነስታ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። ልክ በዚያች ሰዓት ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍተው ገቡ። ሳፋውን አዩ፤ እስከ ክርኔ ድረስ የተጠቀለለውን እጅጌዬን አዩ።

«ይህ የማጠቢያ ሰዓት ነው?» አሉ።

ልጅቷ ለአባቷ ነግራቸው ኖሮ በዚያው ሳምንት ስልክ ደወሉልኝ። «ቲቸር፣ ባሕሩን በሳፋ ሠራሽ አሉኝ፤ ጎበዝ። አሁን ትልቁን ነይና እይ። ከሚኤሶ ባቡር አለ። እኔ እዚያው ወደብ አለሁ፣ ጭነት እጠብቃለሁ።»

ባለቤቴ መጀመሪያ አልተስማማም፤ በኋላ ግን «እኔም ልየው» ብሎ አብሮኝ ተነሳ። ፓስፖርት ለማውጣት ስንመላለስ ጸሐፊው «የጉዞ ምክንያት» ብሎ ሲጠይቀኝ «ላጉን» አልኩት፤ እሱም «የቤተሰብ ጥየቃ» ብሎ ጻፈ። ጥር ላይ የሴሚስተሩን ውጤት አስገብቼ ዕረፍት ስንወጣ በሚኒባስ ወደ ሚኤሶ ወረድን። ብርዱን ጭሮ ትተነው ሹራባችንን ሚኤሶ ጣቢያ ላይ አወለቅን፤ ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ነገር አልነበረንም፣ ሙቀቱ ግን ጅቡቲ እስክንደርስ መጨመሩን አላቆመም።

ጅቡቲ በደረስን በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ የልጅቷ አባት እስኪመጡ ብለን ከማረፊያችን በእግር ወጣን። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ጨው፣ ዓሣ፣ የበሰበሰ ቅጠል የመሰለ ነገር፤ መጽሐፉ ስለ ሽታው አንድም ቃል አላለም። መንገዱ አለቀ፣ ዳርቻው መጣ፣ እኔም ቆምኩ።

ባሕሩ የለም።

የነበረው ጭቃ ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት የተዘረጋ እርጥብ ጭቃ። ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። ትናንሽ ሸርጣኖች ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ወዲያ ሩቅ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ብቻ ይታያል።

ባለቤቴ ደረቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲጠራ እንደሚያደርገው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ማነው የዘጋው?» አለ።

ማልቀስ እስኪዳዳኝ ከፍቶኝ ነበር። ከዚያ ከአሥራ አራት ዓመት ትምህርቴ አንዲት ገጽ ትዝ አለችኝ፤ ጨረቃ የተሳለችባት፣ ሁልጊዜ በጥድፊያ የማልፋት።

«ይመለሳል» አልኩ። «ጨረቃ ናት የምትስበው።»

ባያምነኝም አብሮኝ ጠበቀ። ተቀመጥን። መጀመሪያ ሩቅ ያለችው መስመር ወፈረች፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቀጫጭን የውሃ ጅማቶች መሮጥ ጀመሩ፣ ሸርጣኖቹ ጠፉ፣ አንዷ ጀልባ ተንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ቀና አለች። ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ውሃ እግራችን ስር መጥቶ ድንጋዩን ይመታ ነበር። ጫማዬን አውልቄ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። ሞቅ ያለ ነው፤ ምድጃ ላይ ትንሽ እንደቆየ ውሃ።

«በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው» አለ ባለቤቴ ከኋላዬ። «ባሕርም በፈረቃ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ግን አንቺ ባሕሩ ለመውጣት ብዙ ሺህ ዓመት ፈጀ ትይ አልነበር? ይኸው በግማሽ ቀን ወጣ።»

«ያኛው ሌላ ነው። ይህ ሄዶ ይመለሳል፤ ያኛው ወጥቶ የቀረ ነው። በረዶው ቀልጦ ውሃው ስለበዛ ነው።»

«ስንት ዓይነት መውጣት አለው ይህ ነገር?»

«ሁለት» አልኩት፤ በዚያን ሰዓት ሁለት መሆናቸውን እርግጠኛ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ በተሳቢያቸው መጡና ሁለታችንንም ጋቢና ውስጥ አስገቡን። ከከተማው ወጣ ብለን አስፋልቱን ለቀቅን። ረጅም ነጭ የአሸዋ ጉብታ ታየ፤ ከሱ ወዲያ ባሕሩ አሁንም ርቆ ጭቃ ሆኗል። ከሱ ወዲህ ግን የረጋ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል፣ ሁለት የጭነት መኪናዎችም እስከ ጎማቸው ገብተው ይታጠባሉ።

«ይኸው» አሉ።

ባለቤቴ ወረደ፣ በጣቱ ውሃውን ነክቶ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። «በጨው ውሃ መኪና ታጥባላችሁ? ብረቱን ይበላዋል እኮ።»

«የባለሀብቱ መኪና ነው» አሉ ሹፌሩ በእርጋታ።

እኔ ጉብታው ላይ ወጥቻለሁ። ከሳፋዬ የበቀለ ይመስላል፤ ግርዶሹ፣ የረጋው ውሃ፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚገባበት ጠባብ አፍ፣ ሁሉም አለ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተራመድኩ ሳላስበው ማስተማር ጀመርኩ። ባሕሩ ከሩቅ ሲመጣ አሸዋውን እየገፋ እንደመጣ፣ መውጣቱን ሲያዘገይ ማዕበሉ አሸዋውን አንድ ቦታ ለመከመር ጊዜ እንዳገኘ፣ ላጉኖች ብዙውን ጊዜ እንዲህ እንደተወለዱ ነገርኳቸው። ሹፌሩ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላዬ ይከተላሉ።

«ድሮ ውሃው የት ነበር?»

«ወዲያ ነው። እነዚያ የሚታዩት መርከቦች የቆሙበት አካባቢ ደረቅ መሬት ነበር። ወደ የመን የሚያሻግረው ባሕርም በጣም ጠቦ ነበር።»

«ያኔ ቪዛ አይጠይቁም ነበር» አሉ፤ እንደ ቁም ነገር።

ከዚያ ወደ አንድ ጥቁር ዓለት ወሰዱኝ። ዳርቻው ላይ፣ ከውሃው አንድ ሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይታያል። ጠጋ ብዬ ስዳስሰው የሞተ ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ። ቀዳዳ ቀዳዳውና የአበባ ቅርጹ ጎልቶ ይታያል።

«ይህ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፣ አይደለም? ባሕሩ ከታች ነው የመጣው ካልሽ ይህን እላይ ማን ሰቀለው?»

ባለቤቴ እጁን አጣጥፎ ተጠባበቀ። አሰብኩ። ከበረዶው ዘመን በፊት ሌላ ሞቃት ዘመን ነበር፤ ያኔ ባሕሩ ከዛሬውም ከፍ ብሎ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መሬቱ ራሱ ተነስቶ ይሆናል፤ እዚህ አገር ምድሩ እየተሰነጠቀ ስለሆነ አንዱ ቦታ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ሁለቱንም ነገርኳቸው።

«የትኛው ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ሁለት ነው ብላህ አልነበር? መሬቱ ሲጨመር ሦስት ሆነ።» የትናንቱን ወሬያችንን ጋቢና ውስጥ ነግሯቸው ኖሯል።

ወደ መኪናው ስንመለስ ከመኪናው ሊብሬ ማኅደር ውስጥ አራት የታጠፈች ወረቀት አወጡ። የልጅቷ ፈተና ናት። ቀዩ ዜሮ እንዳለ ነው።

«አሁን ፈርሚ።»

«ውጤቱ እኮ ገብቷል፤ አይቀየርም።»

«አይቀየር። አንቺ ግን ፈርሚ።»

ወረቀቱን ትኩስ የሞተር ክዳን ላይ ዘርግቼ መልሷን እንደገና አነበብኩት። «ባሕሩ ሲርቅ እሱ አይደርቅም።» ቀና ብዬ አየሁ፤ ባሕሩ ርቋል፣ ላጉኑ ሞልቷል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም፣ አላውቀውምም ነበር። ዜሮውን ሰርዤ አንድ ተኩል ጻፍኩና ፈረምኩበት።

«ግማሿስ?» አሉ።

«ስለ አሸዋው አልጻፈችም። ውሃው ለምን እንደተለየ መናገር ነበረባት።»

ጉብታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እሱ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ስለ አሸዋው እኔም አልነገርኳት።»

ከዚያው ጉብታ አንድ ፌስታል ሙሉ አሸዋና ዛጎል ሞልቼ ያዝኩ። በመልሱ ጉዞ ድንበር ላይ የሚፈትሸው ወጣት ፌስታሉን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባበት።

«ይህ ምንድነው?»

«አሸዋ።»

«ምን ያለው አሸዋ?»

«አሸዋ ብቻ። ጭሮ ለትምህርት የምወስደው ነው።»

«ጭሮ አሸዋ የለም?»

ባለቤቴ ጣልቃ ገብቶ «አለ፣ ግን ባሕር አልነካውም» አለ፤ ነገሩን አባሰው። ፈታሹ አሸዋውን በወረቀት ላይ ገለበጠው፣ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ለየ፣ ከዚያ ፓስፖርቴን እያየ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ የጂኦግራፊ መምህርት መሆኔን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ባሕሩ እየጨመረ ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለ። «እዚህ ድረስ ይመጣል?»

ሰልፉ ከኋላችን ረጅም ነው። ግን ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልም። «ብዙ ሺህ ዓመት ቆሞ ቆይቶ አሁን እንደገና መጨመር ጀምሯል» አልኩት። «ዓለም ሲሞቅ የብሱ በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃውም ራሱ ሲሞቅ ይለጠጣል። እዚህ አይደርስም፤ እናንተ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናችሁ። ዝቅ ያለ ዳርቻ ላይ ያሉት ናቸው የሚያሳስቡት።»

«ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ?»

«ቀስ በቀስ።»

«እናንተ ሰዎች» አለች ከኋላዬ የልብስ ቦንዳ የተሸከመች ሴት፣ «እሱ ቀስ ይበል፣ እኛን ግን ልቀቁን።»

ፈታሹ ቅጹ ላይ «አሸዋ፣ ለትምህርት» ብሎ ጻፈልኝና አሳለፈን።

ባቡሩ ውስጥ ያቺ ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄድን ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«መምህርት፣ ቅድም ያልሽው ዝቅ ያለ ዳርቻ የቱ ነው? እኔ ጅቡቲ ዕቃ የማስቀምጥበት ቤት ውሃው ዳር ነው፤ ሲሞላ ደጃፉ ይረጥባል።»

«እንዲህ ያለው ነው» አልኳት። «ወደፊት የሚያስቸግረው እዚያ ነው።»

ንግግሬን ሳልጨርስ ስልኳን አወጣች። «እህቴ፣ ስሚኝ፤ ቦንዳዎቹን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ላይኛው ቤት አውጪ። አዎ፣ ባሕሩ እየመጣ ነው። መምህርት ናት ያለችው፤ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ አሸዋውንም ይዛዋለች።»

ስልኩን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሚኤሶ ከመድረሳችን በፊት፣ በማላውቃት ሴት ጆሮ፣ ዛሬ እንዳልሆነ፣ ነገም እንዳልሆነ፣ ቦንዳውን እሷ እንዳለችው እሑድ ተሸካሚዎቹ ሲመጡ ብታወጣው እንደሚደርስ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሴትየዋ ግን ለጥንቃቄ ብላ ስልክ ቁጥሬን መዘገበች፤ አሁንም ጅቡቲ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ትደውልልኛለች።